ሕጉ ቤት ይላል፣ ተማሪው ክፍል ይፈልጋል

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር “ሦስተኛ ክፍል” ነበርኩ። ከስድስት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሚወጣው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ከተደረደሩት ስድስት ሰርቪስ ቤቶች ሦስተኛው የእኔ ነበር። እትዬ የምንላቸው አከራያችን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። “ሦስተኛ ክፍል! የመብራት ደርሷል!” ይሉኛል። በአንድ የተማሪ ደብተር ውስጥ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ ነበራቸው። ወሩ፣ ብሩ፣ የውሃው ድርሻ፣ የመብራቱ ድርሻ፣ ከጎኑ የእሳቸው ምልክት ይሰፍርበታል። ከዚያ ደብተር በቀር በእኔና በእሳቸው መካከል አንዲት ወረቀት አልነበረችም።

በኮሌጅ ከተማ አቅምን ያገናዘበ ኪራይ ማግኘት ለምን ከበደ ሲባል የተለመደው መልስ “ሰው በዛ፣ ቤት አነሰ” ነው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የቤት ጉዳይ ተረስቶባት አያውቅም፤ ሦስት ታላላቅ እርምጃዎች ተወስደውባታል። ሦስቱም የሚቆጥሩት ቤትና ቤተሰብ ነው። ተማሪው ግን የሚከራየው ቤት አይደለም። ክፍል ነው፤ ሲከፋም የክፍል ሩብ፣ ማለትም አልጋ። ችግሩን በዚህ ዓይን ካላየነው አዋጅ በአዋጅ ላይ ቢደረብም እስከ እትዬ ደብተር ድረስ አይወርድም።

ዶርም ያለውና የሌለው

አዲስ አበባ የኮሌጅ ከተማ መሆን የጀመረችው በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲከፈት ነው። በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ ወዲህ ስድስት ኪሎ የተማሪ ሰፈር ሆኖ ቀረ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው በአንድ አጥር አይወሰንም። ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂው አምስት ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ፣ ኪነ ሕንፃው ልደታ፣ ንግድ ሥራው ሰንጋ ተራ ነው። በከተማዋ ደቡብ ጫፍ፣ ቂሊንጦ ላይ ደግሞ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። የግል ኮሌጆቹ በየሰፈሩ ካለ ሕንፃ ላይ ፎቅ ይዘው ያስተምራሉ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ተከራይ ናቸው። ኪራይ ሲጨመርባቸው ጭማሪው መልሶ የሚያርፈው በተማሪው ክፍያ ላይ ነው።

በመንግሥት ተመድቦ የገባ መደበኛ ተማሪ በአብዛኛው ዶርም አለው። ተደራራቢ አልጋ ነው፣ ሻንጣው ከአልጋው ሥር ነው፣ ሻወሩ ተራ አለው፤ ግን ወር ሲደርስ በሩን የሚያንኳኳ የለም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት የመኝታውንና የምግቡን ዋጋ ዕዳ አድርጎ ይመዘግብለታል፤ የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። በሌላ አነጋገር ዶርም በሀገሪቱ ካሉት ኪራዮች ሁሉ ደመወዝ እስኪመጣ የሚጠብቅ ብቸኛው ኪራይ ነው።

ከዚህ አጥር ውጭ ያለው ሰው ግን ብዙ ነው። በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማረው፣ የማስተርስ ተማሪው፣ ለግል ኮሌጅ ከክፍለ ሀገር የመጣችው ልጅ፣ ትናንት ተመርቆ ዶርም ያስረከበና “ሥራ እስካገኝ” ብሎ ከግቢው ያልራቀው፣ ደመወዙ ከተማሪዎቹ ኪስ ብዙም የማይሻለው ጀማሪ መምህር ሁሉም ያንኑ ክፍል ይፈልጋሉ። ዶርም ያለው ተማሪም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ ባለቤት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ መደበኛ ተማሪዎች ለተፈታኞች ቦታ ለቀው ወጥተዋል። አገር ቤት መሄድ ያልቻለ ዘመድ ይፈልጋል፤ ዘመድ የሌለው ጓደኛው የተከራያት ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ ያነጥፋል።

ሦስቱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው የ1967ቱ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። “ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት” አለ፣ ዝቅተኛ ኪራዮችን ቀነሰ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ለድሃው ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ብዙ የቀበሌ ቤቶች ለአሥርተ ዓመታት ያስከፈሉት የወር ኪራይ ኋላ ኋላ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ እንኳ መሙላት አቃተው።

ከተማሪው አንጻር ግን ሌላ ነገር ተከተለ። በአራት ኪሎ፣ በጊንፍሌ፣ በሽሮ ሜዳ የቀበሌ ቤት የያዘ ቤተሰብ ኑሮ ሲከብደው ጓዳውን በኮምፔርሳቶ ከፈለ፣ ጣሪያው ሥር ቆጥ ሠራ፣ ለተማሪ አከራየ። ከመንግሥት በሳንቲም የተያዘ ቤት ጓዳው በብር ተከራየ። ሕጋዊ አልነበረም፤ ነገር ግን ከግቢው በእግር የሚደረስበት ርካሽ ማደሪያ ለብዙ ዘመን ይኸው ነበር። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ከቤቶቹ ጋር ያልተመዘገበው ክፍልም አብሮ ሄደ። የቀበሌ ተከራዩ በመዝገብ አለና ምትክ ይጠይቃል። ቆጡ ላይ ያደረው ተማሪ ግን በየትኛው መዝገብ ይፈለጋል?

ሁለተኛው እርምጃ ኮንዶሚኒየም ነው። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ከተማዋን ከበበ። ቅድሚያ ቁጠባው 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እየተባለ፣ ዕጣ እየወጣ፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ተሞሉ። ዓላማው ሰውን የቤት ባለቤት ማድረግ ነበር፤ ሳይታሰብ ያስገኘው ግን ትልቅ የኪራይ ገበያ ነው። ዕጣ የደረሰው ሁሉ አልገባበትም። የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ለመሸፈን ቤቱን አከራይቶ እሱ ራሱ በርካሽ ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር ባለ ዕድል ብዙ ነው። እንዲህ ያለው አከራይ ክፉ ስለሆነ አይደለም ዋጋ የማይቀንሰው፤ ባንኩ ስለማይቀንስለት ነው። ከኮንዶሚኒየም ቤቶች ለተማሪ የሚቀርበው ስቱዲዮው ነው፤ መጸዳጃው የግል፣ ቆጣሪው የግል፣ በሩ የራስ። ዋጋው ግን ለአንድ ተማሪ ሳይሆን ለአንድ ደመወዝ የተሰፋ ነው።

ሦስተኛው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የኪራይ ዋጋ በአከራይና በተከራይ ስምምነት የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። አዲሱ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን እንዲሆን፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲፈጸም አዘዘ። ሦስትና ስድስት ወር በአንድ ጊዜ ቁጭ አድርግ ይባልበት በነበረ ከተማ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ ቤተሰብ “ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነውና ቤቱን ልቀቁ” ከሚለው የታወቀ ሰበብ የሚጠለልበት ጥላ አግኝቷል።

ጥላው ክፍል ተከራዩ ጋ ሲደርስ ይሳሳል። ውል ማስመዝገብ ማለት ገቢን ማሳወቅ ነው፤ የኪራይ ገቢ ደግሞ በሠንጠረዥ “ለ” ግብር ይከፈልበታል። በጡረታ ገንዘብ ላይ የሦስት ሰርቪስ ቤት ኪራይ ጨምራ የምትኖር ባልቴት ወረዳ ሄዳ ተሰልፋ፣ ውል አስመዝግባ፣ ግብር ከፍላ፣ ለአሥር ወር ለሚቀመጥ ልጅ የሁለት ዓመት ውል ከመግባት ይልቅ “ዘመዴ ነው” ማለት ይቀላታል። ተማሪውም ቢሆን አይከራከርም። አዋጅ እየጠቀሰ ክፍል የጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ “ትናንት ተይዟል” ነው።

“ውሃ አለው” ሲባል

ፍለጋው ራሱ አንድ ትምህርት ነው። ጥላ ሥር በርጩማ ላይ የተቀመጠው ደላላ ዛሬ ቴሌግራም ቻናልም አለው፤ ቋንቋው ግን አልተለወጠም። ይህን ቋንቋ የማይተረጉም ተከራይ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፍላል። “ውሃ አለው” ማለት በፈረቃው ቀን ይመጣል ማለት ነው፤ ሮቶ መኖሩንና ተከራዩ ከሮቶው መቅዳት መቻሉን ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። “ለታክሲ ቅርብ ነው” ቁልቁለቱን እንጂ ዳገቱን አይቆጥርም። “ግቢው ጸጥ ያለ ነው” ሲባል በሩ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይቆለፋል፤ የማታ ተማሪ ደግሞ ከክፍል የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። “ያልተጋነነ መብራት ትከፍላላችሁ” ሲባል ቆጣሪው አንድ ነው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ አይፈቀድም።

ደላላን ሁሉ ሌባ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የትኛው ግቢ ውስጥ የትኛው ክፍል ሊለቀቅ እንደሆነ የሚያውቅ ሌላ ተቋም ስለሌለ ነው እሱ የሚበላው። ጉዳቱ የሚመጣው ክፍያው ከቤቱ ትልቅነት ጋር ስለሚያድግ ነው። ለባለ ሦስት መኝታ የሚሮጠውን ያህል ለአንዲት ሰርቪስ ክፍል አይሮጥም፤ ተማሪውን ወይ ቆጥ ያሳየዋል፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ወዳለው ይገፋዋል። ብልህ ተማሪ ደላላ ጋ ከመሄዱ በፊት የሚሄድባቸው ሌሎች በሮች አሉት። የሰፈሩ ሱቅ፣ የጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ፣ የግቢው ጥበቃ፣ የሚመረቀው የዲፓርትመንቱ ልጅ። ጥሩ ክፍል ማስታወቂያ ላይ ሳይወጣ ከተመራቂ ወደ ጀማሪ በእጅ ይተላለፋል። ለዚህም ነው ክረምት ሳይገባ መፈለግ የጀመረና መስከረም ላይ ሻንጣ ይዞ የደረሰ እኩል ዋጋ የማይከፍሉት።

ከዋጋው በፊት የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ማንነት ነው። “ላጤ ነህ? ሥራህ ምንድን ነው? ተያዥ አለህ?” ተማሪ ሦስቱንም ይወድቃል። ላጤ ነው፣ ሥራ የለውም፣ ተያዥ የሚሆነው አባቱ አገር ቤት ነው። ሴት ተማሪ በአንድ በኩል ትመረጣለች፤ “ሥርዓት አላቸው፣ ቤት ይይዛሉ” ይባላል። በሌላ በኩል ግን የተከራየችው ክፍል ብቻ ሳይሆን ጥበቃም ነው፤ ማን እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደገባች፣ ለምን እንደሳቀች ይቆጠራል። እሷ በምላሹ የምትቆጥረውን አከራዩ አያየውም፤ መጸዳጃው ከክፍሉ ስንት እርምጃ ይርቃል፣ ማታ መንገዱ ላይ መብራት አለ ወይ፣ በሩ ከውስጥ በኩል መቀርቀሪያ አለው ወይ። ለእሷ “ርካሽ” የሚባለው ቤት እነዚህን ካላሟላ ርካሽ አይደለም፤ ቀሪውን በፍርሃት ትከፍላለች።

በታክሲ የሚከፈል ኪራይ

“መሀል ካልተገኘ ዳር ሂድ” የሚለው ምክር በወረቀት ላይ ያምራል። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እንየው። ለስድስት ኪሎ ቀረብ ያለ ክፍል 9,000 ብር፣ ዳር ያለው 6,000 ብር ነው እንበል። ሦስት ሺህ ብር ተረፈ። ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ በአንድ ጉዞ 30 ብር ቢወጣ በቀን 60፣ በ26 ቀን 1,560 ብር ነው። በእጅ የቀረው 1,440 ብር ነው። ደርሶ መልሱ በቀን ሦስት ሰዓት ከበላ በወር 78 ሰዓት ነው። ተማሪው እያንዳንዱን የማጥኛ ሰዓቱን ከ19 ብር ባነሰ ሸጠ ማለት ነው። ቁጥሮቹን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሰፈር ይለውጣቸው፤ ስሌቱ ግን ኮንትራት ከመያዙ በፊት መሠራት ያለበት ይኸው ነው። ሰልፉን፣ ዝናቡንና ከማታው ትምህርት በኋላ ታክሲ የሚጠፋበትን ሰዓት ገና አልቆጠርንም።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ይህን ስሌት ሊለውጥ ይችል ነበር። መስመሩ ግን ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ነው፤ ልደታ ያለውን የኪነ ሕንፃ ተማሪ ሲጠቅም ከኪሎዎቹ አንዱንም አይነካም። ርካሹ ክፍልና ዩኒቨርሲቲው በአንድ ሐዲድ ያልተገናኙባት ከተማ ናት።

ከርቀት ያመለጠ ተማሪ ወደ ደባልነት ይገባል። ስቱዲዮ ለአንድ ደመወዝ ከሆነ ለአራት ኪስ ይከፋፈላል። ሁለት በአልጋ፣ ሁለት በፍራሽ፤ ወጡ በተራ፣ እንጀራው ከጎረቤት በቁጥር። በጋራ መኖር ለኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ ብዙ ወዳጅነትም ከዚያ ወጥቷል። ድክመቱ የሚታየው አንዱ ሲወጣ ነው። ውሉ፣ ካለ፣ በአንዱ ስም ነው። ስሙ የተጻፈው ልጅ ትምህርት አቋርጦ ከሄደ ሦስቱ ያለ ውል፣ ያለ ደረሰኝ፣ አከራዩ ፊት እንግዳ ሆነው ይቀራሉ። ሕጉ የጠበቀው ስሙ የተጻፈውን ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ

ዩኒቨርሲቲው ትልቁ እንጀራ በሆነበት ከተማ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በባሕር ዳር ፔዳና ፖሊ ግቢዎች ዙሪያ፣ በጎንደር ማራኪ አካባቢ፣ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ዩኒቨርሲቲ በተከፈተባቸው ከተሞች ባለ ቦታው ክፍሉን ገና ሲሠራ ለተማሪ ብሎ ይሠራል፤ በመስመር የተደረደሩ፣ በር በበር የሆኑ ሰርቪስ ቤቶች። ክፍል ማግኘት ከአዲስ አበባ ይቀላል፤ በእግርም ይደረሳል። ነገር ግን አከራዩና ተከራዩ በአንድ የትምህርት ካላንደር የታሰሩ ናቸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተማሪው ወደ ቤቱ ሲሸኝ እነዚያ መስመሮች ባዶ ቀሩ። ተማሪ ከሌለ ሌላ ተከራይ የለም። ክፍሉ በቂ ሲሆን ዋጋው ልክ እንደሚገባ፣ ገበያው በአንድ ደጃፍ ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ለአከራዩም እንደማያስተማምን ከእነዚህ ከተሞች እንማራለን።

የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ ትልቅ ፎቅ አይጠይቅም። ትልቁ ፎቅ ይሠራ፤ ግን ባለቤትነትን የሚያስበው ፎቅ ተማሪን ሦስተኛ ተራ ላይ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ ክፍል እንደ ክፍል ይታወቅ። አንድ ገጽ የሆነ፣ በትምህርት ዓመት የሚለካ፣ የሁሉንም ደባሎች ስም የሚይዝ፣ በወረዳ በአንድ ቀን የሚያልቅ የክፍል ውል አይከብድም። አንድና ሁለት ክፍል የምታከራይ ባልቴት ስታስመዘግብ ግብሩ ካቃለለላት ከመደበቅ መታየት ይሻላታል። ዩኒቨርሲቲዎችም ኃላፊነታቸው አጥሩ ላይ እንደማያልቅ ይቀበሉ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሠራተኛ፣ የታዩና የተረጋገጡ ክፍሎች ዝርዝር ቢኖራቸው፣ ለተማሪው ተያዥ የሚሆን አንድ ደብዳቤ ቢጽፉ ደላላው ከሚሠራው ሥራ ግማሹ በነፃ ይሠራል። ደብዳቤው የሚያስከፍላቸው ማኅተም ብቻ ነው።

ይህን ስል ከልምድ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ከእትዬ ግቢ ስወጣ ደብተራቸውን አወጡና የእኔን ገጽ በጥንቃቄ ቀደው ሰጡኝ። “ያዘው፣ ሌላ ቦታ ሲጠይቁህ ታሳያለህ” አሉኝ። ሳቅሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ አከራይ ፊት ቆሜ “ተያዥ አለህ?” ስባል ሌላ የማሳየው ነገር አልነበረኝምና ገጹን ዘረጋሁ። ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው ወር በወር አነበቡት፤ ክፍያው በዘገየበት የየካቲት ወር ላይ ጣታቸው ቆመ። “የካቲት ላይ ምን ሆነህ ነው?” አሉኝ። ታምሜ እንደነበር ነገርኳቸው። ገጹን አጣጥፈው መለሱልኝና ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።